የማያደርጉትን ወርቅ ለመሸጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የተበጠሰ ሐብል፣ ጓደኛው የጠፋ የጆሮ ጌጥ፣ ጣት ላይ አልገባ ያለ ቀለበት በመሐረብ ተቋጥሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ያልተቀመጠበት ቤት ጥቂት ነው። ከታች ያሉት፣ ሰው ያንን ቋጠሮ ይዞ ወርቅ ቤት ሲመጣ ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ናቸው። የምመልሰው ከባንኮኒው በውስጥ በኩል ሆኜ ስለሆነ ገዢው በልቡ የሚያሰላውንም አብሬ እነግርዎታለሁ።

ወርቄ ስንት እንደሚያወጣ ወርቅ ቤት ሳልሄድ ማወቅ እችላለሁ?

ይችላሉ። ክብደቱን በግራም፣ ካራቱንና የዕለቱን የ24 ካራት ዋጋ ማወቅ ይበቃል። ካራቱን ለ24 አካፍለው በክብደቱ ሲያባዙት ጌጡ ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ ይወጣል። 12 ግራም የሚመዝን ባለ 18 ካራት ሐብል ውስጥ 9 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ፤ የቀረው 3 ግራም በአብዛኛው መዳብና ብር ነው። ለስሌት እንዲመቸን የ24 ካራት አንድ ግራም 20,000 ብር ነው እንበል (የዛሬ ዋጋ ነው አላልኩም)። እንግዲያው ሐብሉ ውስጥ ያለው ወርቅ 180,000 ብር ያወጣል።

የዕለቱን ዋጋ ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከአምራቾችና ከአቅራቢዎች ወርቅ የሚገዛበትን ዋጋ በካራት ለይቶ በድረ ገጹ ያወጣል። እርስዎ ሐብልዎን ይዘው ባንኩ ባይሄዱም ቁጥሩ ለማመሳከሪያ ይሆናል። ሁለተኛው የዓለም ገበያ ዋጋ ነው። እሱ የሚነገረው በአውንስ ነው፤ የወርቅ አንድ አውንስ 31.1 ግራም ስለሆነ ለዚያ አካፍለው በዕለቱ የዶላር ምንዛሪ ያባዙት።

የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ግማሽ ግራም ሲሳሳት እርስዎ የሚያጡት ብዙ ሺህ ብር ነው። የግራም መቶኛ የሚያነብ ሚዛን ከሌለዎት ሁለት የተለያዩ ወርቅ ቤቶች ገብተው ያስመዝኑ፤ ማስመዘን መሸጥ አይደለም፣ ቅር የሚለው ነጋዴ ካለም ይበለው።

ውስጡ የተጻፈው ቁጥር ምን ማለት ነው?

ከሺህ ውስጥ ስንቱ እጅ ንጹሕ ወርቅ እንደሆነ ይናገራል። 750 ማለት 18 ካራት፣ 875 ማለት 21፣ 916 ማለት 22፣ 999 ማለት 24 ነው። ከሳዑዲ የሚመጣው በብዛት 21 ካራት ነው፤ ከዱባይ 22ም 18ም ይመጣል፤ ከአሜሪካ የመጣ ሲሆን 585 (14 ካራት) ወይም 417 (10 ካራት) ማየት የተለመደ ነው።

925 የሚል ካዩ ግን ወርቅ አይደለም፣ ብር ነው። ቢጫ ሆኖ 925 ከተጻፈበት ወርቅ የተቀባ ብር ነው። ይህን ባንኮኒው ላይ የሚሰሙ ሰዎች ፊታቸው ሲለዋወጥ ማየት ከሥራው ሁሉ የከፋው ነው፤ በተለይ ጌጡ የስጦታ ሲሆን።

ማህተም የለውም። ወርቅ አይደለም ማለት ነው?

አይደለም። በሀገር ቤት አንጥረኛ የተሠራ ብዙ ጥሩ ወርቅ ማህተም የለውም፣ ወይም ቀለበቱ ሲጠብና ሲሰፋ ማህተሙ ተፍቋል። በተቃራኒው ማህተም ያለው ሁሉ ወርቅ አይደለም፤ ቁጥር መምታት ለማንም አይከብድም። ገዢ ማህተሙን እንደ ፍንጭ ያየዋል እንጂ አምኖት ገንዘብ አይቆጥርም። ማግኔትም ብዙ አያስረዳም። ወርቅ በማግኔት አይሳብም፣ መዳብና ነሐስም አይሳቡም። ደግሞም የእውነተኛ ሐብል መቆለፊያ ውስጥ የብረት ስፕሪንግ ስለሚኖር እሱ ሲሳብ አይደንግጡ።

ሲፈትኑት ምን ያደርጋሉ? ወርቄን አያበላሹብኝም?

የቆየው መንገድ የመፈተኛ ድንጋይ ነው። ጥቁር፣ ለስላሳ ድንጋይ ነው። ገዢው ጌጡን ከማይታይ በኩል ድንጋዩ ላይ ጫን አድርጎ ይጎትተውና ቀጭን ቢጫ መስመር ይተዋል። ከጎኑ ካራቱ በታወቀ ወርቅ ሌላ መስመር ያሰምራል። ከዚያ በሁለቱም ላይ ለዚያ ካራት የተዘጋጀውን አሲድ ጠብ ያደርጋል። ወርቁ ካራቱን ከሞላ መስመሩ ባለበት ይቆያል፤ ካነሰ ዓይንዎ እያየ ይደበዝዛል፤ መዳብ ከሆነ አረንጓዴ አረፋ አውጥቶ ይጠፋል። ጠጋ ብለው ይመልከቱ፣ መብትዎ ነው፤ ጠብታው ጣትዎ ላይ እንዳይደርስ ብቻ ይጠንቀቁ። ከጌጡ የሚሄደው መጠን ሚዛን ላይ የማይታይ ነው።

ቅብ ነው ተብሎ ከተጠረጠረ ግን በሞረድ ትንሽ ይቧጭሩታል፤ ድንጋዩ የሚነግረው የላይኛውን ቆዳ ብቻ ስለሆነ። ይህን ሳያስፈቅድ የሚያደርግ ሰው ጋ ወርቅዎን አይተዉ። አንዳንድ ቤት በጨረር የሚለይ መሣሪያ አለ፤ ጌጡን ሳይነካ በሰከንዶች ውስጥ የወርቁን፣ የብሩንና የመዳቡን ድርሻ በመቶኛ ያወጣል። እሱም የሚያነበው ከላይ ከላይ ነው፤ ወፍራም ቅብ ሊያታልለው ይችላል።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። ተደጋግሞ የተበየደ ሐብል ሲቀልጥ ካራቱ ከተጻፈበት ዝቅ ይላል፤ የብየዳው ወርቅ ራሱ ዝቅተኛ ካራት ነውና። ስለዚህ ገዢው የተበየደ ቦታ ሲያይ ዋጋ ቢቀንስ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም። ምን ያህል እንደሚቀንስ ግን መከራከር ይቻላል።

ፍተሻው የትም ይሁን የት እርስዎ ፊት ይሁን። «ጓዳ ገባ አድርጌ ልምጣ» ካለዎት ወርቁን ተቀብለው ደህና ዋል ይበሉት።

ከእነሱ ነው የገዛሁት። ለምን በገዛሁበት ዋጋ አይገዙኝም?

ከሁሉም በላይ የሚያጣላን ይህ ነው። ጌጥ ሲገዙ የከፈሉት ለወርቁ ብቻ አልነበረም። የእጅ ሥራውን፣ የሻጩን ትርፍ፣ ካለበትም ግብሩን ከፍለዋል። ሪያድ ወይም ጅዳ የተገዛ ጌጥ ላይ ከ2020 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ ዱባይ ደግሞ 5 በመቶ። ይህ ሁሉ በገዙበት ቀን ያለቀ ነው። ሲመልሱት ሚዛን ላይ የሚወጣው ብረቱ ብቻ ነው። የእጅ ሥራው ጥልፍልፍና ደቃቅ በሆነ ቁጥር የሚያጡት ይበዛል፤ ወፍራም ልሙጥ አምባር ትንሽ ያጣል፣ አበባ አበባ የተሠራበት ሙሉ የሙሽራ ጌጥ ብዙ ያጣል።

ገዢው ደግሞ ከብረቱም ዋጋ ላይ ይቀንሳል። ሲያቀልጠው የሚጠፋ አለ፣ ካራቱ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፣ ገንዘቡ ወርቁ ተሸጦ እስኪመለስ ታስሮ ይቆያል፣ ትርፉም አለ። ተገቢ ቅናሽ ነው። ተገቢ የማይሆነው ስንት እንደተቀነሰ የማይነግርዎት ከሆነ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «ይህን በስንት ትገዙኛላችሁ?» አይሁን። ወርቁ ገና ቦርሳዎ ውስጥ እያለ «የ18 ካራት መግዣችሁ ዛሬ በግራም ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ቀጥሎ «መሸጫችሁስ?» ይበሉ። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ስለ ቤቱ ብዙ ይናገራል። ጌጡን መጀመሪያ ካወጡ ግን ገዢው ጌጡን፣ ልብስዎንና ችኩልነትዎን አይቶ በጥቅሉ አንድ ቁጥር ይጠራል። ያ ቁጥር ካራቱ ስንት ተብሎ፣ ግራሙ ስንት ተብሎ እንደተሰላ አያውቁትም፤ የማያውቁትን ደግሞ መከራከር አይችሉም። በግራም ተነጋግረው ካወጡት የሚቀረው ማስመዘንና ማባዛት ነው።

ደንበኛ ነኝ ማለት አይጠቅምም አልልም፤ የሸጠልዎት ቤት ካራቱን ስለሚያውቀው ጥርጣሬው ይቀንሳል። ሆኖም ቢያንስ ሌሎች ሁለት ቤቶች ሳይጠይቁ አይሽጡ።

አዲስ አበባ ውስጥ የት ልሂድ?

ወርቅ ቤቶች ተደርድረው ወደሚገኙበት፣ ፒያሳም ይሁን መርካቶ። ጥቅሙ ያለው ጎን ለጎን መሆናቸው ነው፤ ከአንዱ ወጥተው ሌላው ጋ ለመግባት አሥር እርምጃ ይበቃል፣ ነጋዴውም ይህን ያውቃል። የፒያሳ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. በስፋት ከፈረሰ ወዲህ የድሮ ደንበኛዎ ቦታ ቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ደውለው ይሂዱ። ደላላ ግን አይከተሉ። መንገድ ላይ «ወርቅ ትሸጫለሽ?» ብሎ የሚጠጋ ሰው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ከእርስዎ ግራም ላይ ነው።

ፈርጡስ ይታሰብልኛል?

አብዛኛውን ጊዜ አይታሰብም፤ ይባስ ብሎ ክብደቱ ይቀነሳል። የተለመዱት ነጫጭ ፈርጦች ሰው ሠራሽ ስለሆኑ ዋጋቸው ከምንም አይቆጠርም። ፈርጡ ትልቅ ከሆነ ይነቀልና ወርቁ ብቻ ይመዘን ይበሉ፤ ፈርጡንም ይውሰዱ። «በግምት ሁለት ግራም እንቀንስ» ሲባል ግምቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል። እውነተኛ አልማዝ ከሆነና ወረቀቱ ካለዎት ግን ለወርቅ ቀላጭ አይሽጡት።

ደረሰኝ የለኝም። ይገዙኛል?

መታወቂያ ይዘው ይሂዱ። ጠንቃቃ ወርቅ ቤት ደረሰኝ ይጠይቃል፣ ከሌለም መታወቂያዎን አይቶ ስምዎንና ስልክዎን ይመዘግባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የተሰረቀ ወርቅ የገዛ ነጋዴ ፖሊስ ሲመጣ ወርቁንም ገንዘቡንም ያጣል፣ ሊከሰስም ይችላል። ምንም ሳይጠይቅ ቶሎ የሚገዛ ሰው ካጋጠመዎት ደግነት እንዳይመስልዎት፤ ለጥያቄ አለመኖር ዋጋ ያስከፍላል፣ ከግራሙ ላይ።

በጥሬ ገንዘብ ልሽጠው ወይስ በሌላ ጌጥ ልቀይረው?

ገንዘቡ ካላስፈለገዎት መቀየር ብዙ ጊዜ ለአሮጌው የተሻለ ዋጋ ያስገኛል፤ ነጋዴው ከአዲሱ ጌጥ ስለሚያተርፍ ለአሮጌው ለቀቅ ይላል። ግን አዲሱ ላይ እንደገና የእጅ ሥራ ከፍለዋል። ሁለቱን ሂሳብ ለየብቻ ያሠሩ፦ አሮጌው በግራም ስንት፣ አዲሱ በግራም ስንት። «ይህን ሰጥተሽ ይህን ያህል ጨምሪ» የሚል አንድ ቁጥር አይቀበሉ።

አሁን ልሽጥ ወይስ ዋጋው እስኪጨምር ልጠብቅ?

የነገውን የሚያውቅ ቢኖር ባንኮኒ ላይ ቆሞ አይውልም። የሆነውን ግን መናገር ይቻላል። የወርቅ ዋጋ በብር ሁለት እግር አለው፣ የዓለም ገበያና የዶላር ምንዛሪ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በኋላ የዓለም ዋጋም ተከተለ፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ አውንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4,000 ዶላር በላይ ሆነ። ሁለቱ ሲደራረቡ ከዓመታት በፊት በትንሽ ገንዘብ የተገዛ ቀለበት ዛሬ ባለቤቱን ያስደነግጣል።

ይህን አይተው ወርቅ አይወርድም የሚሉ አሉ። ይወርዳል። በ2011 እ.ኤ.አ. 1,900 ዶላር ገደማ የደረሰው አውንስ በ2015 መጨረሻ ወደ 1,050 ዶላር አካባቢ ወርዶ ነበር፤ ያኔ ጫፍ ላይ የገዛ ሰው ዋጋው ተመልሶ እዚያ እስኪደርስ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ጠብቋል።

የእኔ አስተያየት፦ ብሩን በሳምንት ውስጥ ለሚያውሉት ነገር ካልፈለጉት አይሽጡ። የሕክምና፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ቅድመ ክፍያ ከሆነ ይሽጡ፣ ዋጋ አይጠብቁ። ሸጠው ብሩን ሒሳብ ላይ ሊያስቀምጡት ከሆነ ግን ወርቁ መሐረቡ ውስጥ ቢቆይ ይሻላል። ከሸጡም ከተሰባበረውና ከጎደለው ይጀምሩ፤ የተሰበረውም ደህናውም ሚዛን ላይ እኩል ስለሆኑ ደህናው ይቆይልዎ።

ሳልሸጥ አስይዤ ብበደርስ?

ከባንክ ወይም ሕጋዊ ፈቃድ ካለው አበዳሪ ካልሆነ አልመክርም። በግለሰብ ዘንድ ወርቅ አስይዞ መበደር ብዙ ጊዜ አራጣ ነው፣ አራጣ ደግሞ በሕግ ወንጀል ነው። ወርቅዎ ስንት ግራም እንደነበር የሚመሰክር ወረቀትም አይኖርዎትም።

የምኖረው ውጭ ነው። እዚያ ልሽጥ ወይስ ይዤ ልምጣ?

ባሕረ ሰላጤ ላሉ፣ እዚያ የወርቅ ዋጋ በካራት ተለይቶ በየዕለቱ ይወጣል፤ ዱባይ ዴራ ያለው የወርቅ ገበያ ሱቅ ከሱቅ ስለሚገጥም መጠያየቅ ቀላል ነው። 21 እና 22 ካራት የለመዱ ገዢዎች ስለሆኑም ማህተሙን አይተው አይጨቃጨቁም። ደረሰኝና መታወቂያ አይርሱ።

አሜሪካ ላሉ ሌላ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ገዢዎች የሚመዝኑት በግራም ሳይሆን በፔኒዌይት ነው፤ አንድ ፔኒዌይት 1.555 ግራም ነው። በግራም የሰሙ መስሎዎት ዋጋው ጥሩ ከሆነብዎት ቆም ብለው ይጠይቁ፤ ከሦስት እጅ አንዱን እዚያው ሊያጡ ነው። ደግሞ ሀገር ቤት የተሠራ ማህተም የሌለው ወርቅ ይዘው መያዣ አበዳሪ ሱቅ ሲገቡ፣ ሰውየው ካራቱን ዝቅ አድርጎ እንዲገምት መንገድ ከፍተውለታል። እንዲህ ያለውን ወርቅ ሀገር ቤት መሸጥ ይሻላል።

ይዘው ከመጡ ዋጋዎቹን በግራም ወደ አንድ ገንዘብ ቀይረው ያወዳድሩ፤ ለግል መጠቀሚያ ከሚባለው በላይ ከሆነም ለጉምሩክ ያስመዝግቡ።

የሰርግ ወርቄን ያለ ባለቤቴ ፈቃድ መሸጥ እችላለሁ?

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት ከጋብቻ በፊት የነበረዎት፣ ወይም ከጋብቻ በኋላ በስጦታ ወይም በውርስ ያገኙት የግልዎ ነው። በትዳር ውስጥ የተገዛ ግን የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እዚያ ላሉት ዝርዝሩ ሊለይ ይችላል። ሕጉ ይህ ነው፤ ትዳሩን እርስዎ ያውቁታል።

የሟች እናት ወርቅ ሲሆን ደግሞ ገና ያልተከፋፈለ ውርስ የሁሉም ወራሾች ነው። አንዷ እህት ሸጣ ገንዘቡን ስታካፍል ሒሳቡ ትክክል ሆኖ እንኳ ቅያሜ አይቀርም። ሁሉም ባሉበት እያንዳንዱን ጌጥ አስመዝነው፣ ከነሚዛኑ ቁጥር ፎቶ አንስተው፣ ከዚያ ይሽጡ። ለማስታወሻ አንዱን ጌጥ ማስቀረት የሚፈልግ ወራሽ ካለ፣ በዕለቱ ዋጋ ታስቦ ከድርሻው ይቀነስና መጀመሪያ ለእሱ ይሰጠው።

የአያቴ መስቀል ነው፣ በጣም አሮጌ ነው። በግራም ልሽጠው?

አይቸኩሉ። የድሮ የአንገት መስቀልና ጌጥ ብዙው የብር ነው፤ አንጥረኞች ማርትሬዛ እያቀለጡ ይሠሩት ነበር። ያ ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከመቶ 83ቱ ብር ነው። በግራም ከሸጡት የሚያገኙት ጥቂት ነው፤ ሥራው ግን ለሚያውቅ ሰው ከብረቱ የበለጠ ዋጋ አለው። ወርቅ ቤት ከመሄድዎ በፊት አሮጌ ዕቃ ለሚያውቅ ሰው ያሳዩት። ከሀገር ለማስወጣት ካሰቡ ደግሞ ቅርስ ሊሆን ስለሚችል የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል።

ከመሄዴ በፊት ላሳጥበው?

አያስፈልግም። ሊቀልጥ ነው።

ክፍያውን እንዴት ልቀበል?

ገንዘቡ ብዙ ከሆነ በባንክ ዝውውር፣ ወርቁ ገና ባንኮኒው ላይ እያለ። «ልኬያለሁ» ብሎ የስልክ ስክሪን ማሳየት ክፍያ አይደለም፤ ወደ እርስዎ የመጣ አጭር መልእክትም በቂ አይደለም፣ የሐሰት መልእክት የሚልኩ አሉ። የራስዎን ሒሳብ ከፍተው ቀሪው መጨመሩን ይዩ። ኔትወርክ ከሌለ ይጠብቁ። በጥሬ ከተቀበሉ እዚያው ቆጥረው፣ ብቻዎን ሳይሆኑ ሰው ይዘው ይውጡ።

ግራሙ፣ ካራቱ፣ የግራሙ መግዣና ጠቅላላው የተጻፈበት ወረቀትም ይቀበሉ። ሐሳብዎን ቢቀይሩ ብዙ ጊዜ የለዎትም፤ በማግስቱ ሲመለሱ ወርቅዎ ከሌላው ጋር ቀልጦ ሊሆን ይችላል።

መንገድ ላይ ወርቅ አገኘን ብለው «እንካፈል» የሚሉኝስ?

ሰውየው እግርዎ ሥር ከነደረሰኙ ያነሳዋል፤ ሌላ የማይተዋወቅ መስሎ የሚመጣ ሰው ደግሞ ዋጋውን ይመሰክራል። እርስዎ ብር ወይም የራስዎን ሐብል ሰጥተው «ወርቁን» ይወስዳሉ። ድንጋዩ ላይ ሲጎተት አረንጓዴ አረፋ የሚያወጣው ያ ነው። ዝም ብለው ይለፉ።